ፓቹን በራሴ ፋይሎች ላይ ሞከርኩት

ጊትን፣ የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ የሚይዘውን ፕሮግራም፣ ለዓመታት በየቀኑ ስጠቀምበት ኖሬያለሁ። ኮዱን ግን ከፍቼ አላውቅም ነበር። በአብዛኛው በሲ ቋንቋ የተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጀመረው። በዚያው ዓመት ኃላፊነቱን ለጁኒዮ ሃማኖ አስረከበ፤ ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዓመታት ፕሮጀክቱን የሚመራው እሱ ነው። ኮዱን መስመር በመስመር የሚያውቁ ሰዎች እያሉ የእኔ ሪቪው (የሌላ ሰውን ኮድ መርምሮ አስተያየት መስጠት) ምን ሊጨምር ነው? እንዲህ እያልኩ ብዙ ፓች፣ ማለትም ለኮዱ የቀረበ የለውጥ ሐሳብ፣ ሳልነካ አልፌያለሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ትንሽ ፓች ነው። የፋይሎችን ዝርዝር የሚያወጣ ትእዛዝ ላይ አዲስ አማራጭ ይጨምራል። የፋይሉ ስም በግራ፣ መጠኑ በቀኝ፣ በሁለት ዓምድ ተደርድሮ ይወጣል። ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ስፈልገው ነበር። ከባድ ፋይል በስህተት ኮሚት ሲደረግ (ጊት ውስጥ ሲመዘገብ) ቶሎ ለማየት ይጠቅመኛል። ስለዚህ ጊዜ ወስጄ ተቀመጥኩበት። ሦስት ዙር ፈጀብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሪቪው ልታደርጉ ለምታስቡ እንዲጠቅም፣ ያደረግኩትን እንዳለ እጽፈዋለሁ። የተሳሳትኩበትንም ጭምር።

የጊት ፕሮጀክት ፓች የሚቀበለው በኢሜይል ነው። እያንዳንዱ ኮሚት አንድ መልእክት ሆኖ ይመጣል። ይህኛው ፓች ሁለት ኮሚት ነበረው። የመጀመሪያው አንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ከአንድ ፋይል አውጥቶ ወደ ጋራ ፋይል ይወስዳል። ሁለተኛው ያንን ፈንክሽን ተጠቅሞ አዲሱን አማራጭ ይሠራል።

ኮዱን ከማየቴ በፊት የኮሚቱን መልእክት አነበብኩ። የፕሮጀክቱ መመሪያ እዚህ ላይ ጥብቅ ነው። መጀመሪያ አሁን ያለው ችግር በአሁን ጊዜ ግስ ይነገራል። ቀጥሎ ለውጡ በትእዛዝ አንቀጽ ይጻፋል፤ ኮዱን «እንዲህ አድርግ» ብሎ እንደ ማዘዝ ማለት ነው። ርእሱ ከ50 ፊደል ብዙ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ መጨረሻው ላይ ነጥብ አይደረግም። ይህ ለውበት ብቻ የተደነገገ አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ሰው በጊት ብሌም (እያንዳንዱ መስመር ከየትኛው ኮሚት እንደመጣ በሚያሳየው ትእዛዝ) «ይህቺ መስመር ለምን መጣች?» ብሎ ሲፈልግ፣ የሚያገኘው መልስ ያ መልእክት ነው። የፓቹ ጸሐፊ ያኔ ሌላ ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች። እኔም ልረሳው እችላለሁ። መልእክቱ ግን ከኮዱ ጋር ይኖራል።

የዚህ ፓች መልእክት ምን እንደተጨመረ በደንብ ይናገራል። ለምን እንደተጨመረ ግን ዝም ይላል። ጸሐፊዋ ምክንያቱ ለማንም ግልጽ መስሏት ይሆናል። እኔም ሁለት ሦስት ጊዜ ካነበብኩት በኋላ የራሴን ምክንያት ጻፍኩላት፦ «እኔ ይህን የምፈልገው ትልልቅ ፋይሎችን በዓይን ለመለየት ነው። ያንቺም ምክንያት ይህ ከሆነ መልእክቱ ውስጥ ብታስገቢው ጥሩ ነው።» ተጠቃሚ የሆነ ሰው ሊሰጥ ከሚችለው ትልቁ እርዳታ አንዱ ይህ ይመስለኛል። ኮዱን ባታውቁትም ችግሩን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ፓቹን በጊት ኤኤም (በኢሜይል የመጣ ፓች በሚያስገባው ትእዛዝ) አስገብቼ ኮምፓይል አደረግኩት፤ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀየርኩት ማለት ነው። ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ ጊዜ ያተርፍላችኋል። አንደኛ፣ ኮምፓይል የሚያደርገውን ሜክ የሚባል ትእዛዝ ስትሰጡ ዴቨሎፐር የሚባለውን ቅንብር 1 አድርጉት። ያኔ ኮምፓይለሩ በትንሹም በትልቁም ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውንም እንደ ስህተት ቆጥሮ ይቆማል። ሁለተኛ፣ አዲሱን ጊት ለመሞከር ኮምፒውተራችሁ ላይ መጫን አያስፈልግም። ኮምፓይል ሲያልቅ ቢን-ራፐርስ የሚባል ማህደር ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ ያለውን ጊት ከጠራችሁ አዲሱ ይሠራል፤ የዕለት ሥራችሁ በድሮው ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ኮሚት «ፈንክሽኑን ብቻ እናንቀሳቅሳለን፣ ባሕርዩ አይለወጥም» ይላል። እንዲህ ዓይነት ኮሚት ሰው አይቶት ያልፋል። ቀይ መስመር እዚህ፣ አረንጓዴ መስመር እዚያ፣ ሁሉም አንድ ይመስላል። እውነት አንድ መሆኑን ግን በዓይን ማረጋገጥ ከባድ ነው። ጊት ለዚህ የራሱ መሣሪያ አለው፦ ከለር-ሙቭድ የሚባለው አማራጭ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አለ። ሳይለወጡ ቦታ ብቻ የቀየሩ መስመሮችን በሌላ ቀለም ያሳያል። ለውጡን በዚህ ከፈትኩት። መስመሮቹ ቦታ ብቻ መቀየራቸውን በሚያሳየው ቀለም ወጡ፤ አንዲት መስመር ብቻ በተለመደው ቀይና አረንጓዴ ቀረች። ተጠግቼ ሳያት «ያንሳል» የነበረው ምልክት «ያንሳል ወይም እኩል ነው» ሆኗል።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ደነገጠ። በዓይን ብቻ ባነብ ኖሮ በፍጹም አላያትም ነበር። ቴስቶቹም (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትኑት ትንንሽ ፕሮግራሞች) አልያዟትም፤ ልዩነቱ የሚታየው የስሙ ርዝመት ከተፈቀደው ስፋት ጋር ልክ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። ጸሐፊዋን ስጠይቃት ሳታስበው በእጅ ስትገለብጥ የገባ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ «ምንም አልተለወጠም» የሚል ኮሚት ሳይ መጀመሪያ የምከፍተው በዚህ አማራጭ ነው።

ወደ ቴስቶቹ ልለፍ። ጊት አብዛኞቹን ቴስቶቹን የሚጽፈው በሼል ስክሪፕት (የትእዛዞች ዝርዝር በያዘ ፋይል) ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ስክሪፕቶች አሉ። እያንዳንዱ ስክሪፕት ለራሱ ጊዜያዊ ማህደር ይፈጥራል። የማህደሩ ስም ውስጥ ሆን ተብሎ ክፍት ቦታ ተደርጎበታል። ክፍት ቦታ ያለበትን ስም በጥቅስ ምልክት መክበብ የረሳ ሰው ወዲያው እንዲያዝ ነው። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ። ሰው እንደሚሳሳት አስቀድሞ አስቦ፣ ስህተቱ ራሱን እንዲያጋልጥ ማድረግ እንዴት ያለ ብልሃት ነው።

ቴስት ሪቪው ሳደርግ አንድ ነገር ሁልጊዜ አደርጋለሁ። የኮዱን ለውጥ አወጣና ቴስቱን ብቻ እተዋለሁ። ከዚያ አስኬደዋለሁ። ቴስቱ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ የሚለካው ነገር የለም ማለት ነው።

እዚህ አራት አዲስ ቴስቶች ነበሩ። ኮዱን ሳወጣው ሦስቱ ወደቁ። አንዱ አለፈ። ግራ ገባኝ። አማራጩ በሌለበት ጊት ላይ ስለዚያው አማራጭ የሚጠይቅ ቴስት እንዴት ያልፋል? ቀስ ብዬ አነበብኩት። ቴስቱ የትእዛዙን ውጤት በፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መንገድ) ቃል ፈላጊ ወደሆነው ግሬፕ ይልካል፤ «ይህ ስም መገኘት የለበትም» ብሎ ደግሞ ውጤቱን ይገለብጣል። የድሮው ጊት የማያውቀውን አማራጭ ሲያይ የአጠቃቀም መመሪያ አትሞ በኮድ 129 ይወጣል፤ ከዜሮ ሌላ የሆነ የመውጫ ኮድ ውድቀት ማለት ነው። ፓይፕ ውስጥ ግን የሚቆጠረው የመጨረሻው ፕሮግራም መውጫ ኮድ ነው። የጊት ውድቀት እዚያው ጠፋ። ግሬፕ ስሙን አላገኘም፤ ስለዚህ ቴስቱ «ተሳካ» አለ። ጊት ሥራ ላይ ባይሆንም እንኳ ይህ ቴስት ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የጊትን ውጤት መጀመሪያ ወደ ፋይል መጻፍ፣ ከዚያ ግሬፕን በፋይሉ ላይ ማስኬድ። ያኔ ጊት ከወደቀ ቴስቱም ይወድቃል። በጊት ፕሮጀክት ሪቪው ውስጥ ይህ አስተያየት ደጋግሞ ይነሳል። ፕሮጀክታችሁ ጊት ባይሆንም የሼል ቴስት ካላችሁ ዛሬውኑ ፓይፖቹን እዩአቸው። ከምትጠብቁት በላይ ታገኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ቴስቶቹ ውስጥ የነበሩት የፋይል ስሞች ሁሉ አጫጭር የላቲን ፊደላት ነበሩ። የኔ ሪፖዚተሪ (ጊት የሚከታተለው የፋይል ማህደር) ውስጥ ደግሞ በፊደላችን የተሰየሙ ፋይሎች አሉ። አንዱ «ማስታወሻ» ይባላል። አዲሱን አማራጭ እዚያ ላይ አስኬድኩት።

መጀመሪያ ያየሁት የለመድኩትን ነው። «ማስታወሻ» በጥቅስ ምልክት መካከል ተከትቶ ወደ ኋላ ባዘመመ መስመር (\) እና በቁጥሮች ወጣ። ጊት በነባሪው (ቅንብሩ ካልተነካ) ከአስኪ፣ ማለትም ከመሠረታዊዎቹ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች፣ ውጪ ያለውን እያንዳንዱን ባይት እንዲህ አድርጎ ያሳያል። ለምሳሌ «ሀ» ብቻዋን \341\210\200 ሆና ትወጣለች። አንድ የግዕዝ ፊደል ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት ሦስት ባይት ነው፤ እያንዳንዱ ባይት ደግሞ አራት ምልክት ይሆናል። «ማስታወሻ» አምስት ፊደል ናት፤ 15 ባይት። ስትታተም ከሁለቱ የጥቅስ ምልክቶች ጋር 62 ምልክት ትሆናለች። ለዓይን አስቀያሚ ነው፤ ዓምዱ ግን ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። መጠኑ በቦታው ነው።

ይህን ባሕርይ የሚያጠፋ ቅንብር አለ፤ ኮር ኳትፓዝ ይባላል። ፎልስ ስታደርጉት ስሞቹ በፊደላቸው ይወጣሉ። ካላወቃችሁት አሁኑኑ አድርጉት፤ እኔ ለብዙ ጊዜ ሳላውቀው ቁጥር ሳነብ ኖሬያለሁ። ቅንብሩን ለወጥኩና እንደገና አስኬድኩት። ዓምዱ ተበላሸ። የላቲን ስሞች መጠን በቦታው ቆሟል፤ የ«ማስታወሻ» መጠን ግን አሥር ቦታ ወደ ግራ ሸሽቷል።

አሥር የሚለው ቁጥር ራሱ ምክንያቱን ተናገረ። 15 ባይት ሲቀነስ 5 ፊደል፣ አሥር። ኮዱ የስሙን ርዝመት የሚለካው በስትርሌን ነበር፤ እሱ ባይት ይቆጥራል እንጂ ፊደል አያውቅም። ክፍት ቦታውን የሚሞላው ፕሪንትኤፍም እንደዚሁ ባይት ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ጊት ለ«ማስታወሻ» 15 ቦታ የያዘች መስሎት አሥር ክፍት ቦታ አስቀረባት። በነባሪው ቅንብር ስህተቱ የማይታየው የሚታተመው ሁሉ አስኪ ስለሆነ ነው፤ አንድ ባይት አንድ ቦታ ይይዛል።

ኮዱ ውስጥ ፈልጌ ጊት ለዚህ የተዘጋጀ ፈንክሽን እንዳለው አገኘሁ። ዩቲኤፍ8-ስትርዊድዝ ይባላል። ጽሑፉ ተርሚናል (ትእዛዝ የምንጽፍበት መስኮት) ላይ ስንት ዓምድ እንደሚይዝ ይመልሳል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ ኮድ በብዙ ጎበዝ ሰዎች ሊታይ ይችል ነበር። ስህተቱን ለማየት ግን ጉብዝና አላስፈለገም። የፋይሉ ስም «ማስታወሻ» የሆነ ሰው ነው ያስፈለገው። ሪቪው ለማድረግ ስታመነቱ ይህን አስቡ። የምትጠቀሙበት ቋንቋ፣ የሪፖዚተሪያችሁ ቅርጽ፣ የተርሚናላችሁ ስፋት፣ ሁሉም ሌላ ሰው ያልሞከረው ሙከራ ነው።

መልሱን ስጽፍ ጊዜ ወሰድኩ። በጽሑፍ ውስጥ ፊት አይታይም፤ ድምፅም አይሰማም። አጭር አስተያየት ቁጣ ይመስላል። ጸሐፊዋ ለፕሮጀክቱ አዲስ መሆኗን አይቻለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን አስተያየት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለየሁላት። የዓምዱ መሸሽና ያቺ የተለወጠች ምልክት የግድ መስተካከል አለባቸው። የቴስቱ ፓይፕም እንዲሁ። አንድ የተለዋዋጭ ስም ግን የኔ ምርጫ ብቻ ነው፤ «ብትተዪውም አልከፋም» ብዬ ጻፍኩ። ዓምዱ እንዴት እንደሚሸሽ ከባዶ ሪፖዚተሪ ጀምሮ ትእዛዞቹን በቅደም ተከተል አስቀመጥኩላት። ገልብጣ ብታስኬደው በሁለት ደቂቃ ታየዋለች። ጥሩ የሠራችውንም ነገርኳት፤ ሥራውን ለሁለት ኮሚት መክፈሏ ሪቪውን በግማሽ አቅልሎልኛል። ይህን ያልኩት ለማስደሰት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

አንድ ስህተት ግን ሠራሁ። ስትርባፍ የሚባል የጊት የጽሑፍ ማጠራቀሚያ አለ። ተጠቅሞ ሲያልቅ ሜሞሪው መለቀቅ አለበት። የሷ ኮድ ውስጥ መልቀቂያውን አላየሁም። «እዚህ ሜሞሪ ይፈሳል» ብዬ በእርግጠኝነት ጻፍኩ። እሷ በትህትና መለሰችልኝ፦ ዲታች የሚለው ፈንክሽን ሜሞሪውን ለጠራው ክፍል ያስረክባል፤ የሚለቀቀውም እዚያ ነው። አየሁት፤ ልክ ነበረች። ወዲያው «ተሳስቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ከባዱ ነገር እሷ ያንን ለማስረዳት ያጠፋችው ጊዜ ነው። ጊትን ሜሞሪ መፍሰስን በሚይዝ ሳኒታይዘር ኮምፓይል አድርጎ ቴስቱን ማስኬድ ይቻላል። ያንን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት ነበር። አሁን ስለ ሜሞሪ አንድ ቃል ከመናገሬ በፊት መጀመሪያ አስኬዳለሁ። ያላረጋገጥኩት ከሆነ ደግሞ በጥያቄ መልክ አቀርበዋለሁ።

ሁለተኛው ቅጂ መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደክመዋል። ሁሉን እንደገና ማንበብ ይሰለቻል። ጊት ሬንጅ-ዲፍ የሚባለው ትእዛዝ ለዚህ ነው የተሠራው፤ የድሮውን ተከታታይ ፓችና አዲሱን ኮሚት ለኮሚት ያነጻጽራል። ምን እንደተለወጠ ብቻ ታያላችሁ። መልእክቱ አሁን ምክንያት አለው። ምልክቷ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ፓይፑ ጠፍቷል። ስትርሌን በዩቲኤፍ8-ስትርዊድዝ ተተክቷል።

ልጨርስ ስል በሁለቱም ቅንብር እንደገና ሞከርኩት። ኳትፓዝ ፎልስ ሲሆን ዓምዱ ቀጥ አለ። ነባሪው ላይ ሳስኬደው ግን አሁን ደግሞ እሱ ተበላሸ። ቀድሞ ደህና የነበረው ማለት ነው። በዚህ ቅጂ ኮዱ ስፋቱን የሚለካው ከዋናው ስም ላይ ሆኗል፤ 5 ይላል። የሚያትመው ግን ወደ ቁጥር የተቀየረውን 62 ምልክት ነው። ስለዚህ መጠኑ በጣም ርቆ ወደ ቀኝ ሄደ። ጸሐፊዋ እኔ ያሳየኋትን ሁኔታ ብቻ አስተካክላለች። በዚህ እኔም ድርሻ አለኝ። በመጀመሪያው መልሴ «ነባሪው ላይ ደህና ነው፣ እሱም እንዳይበላሽ ቴስት ይጨመርለት» ማለት ነበረብኝ። የሚሠራውንም መንገር የሪቪው አካል ነው። ይህን ጻፍኩላት። መለካት ያለበት የሚታተመው ጽሑፍ ራሱ እንደሆነ ተስማማን።

በሦስተኛው ቅጂ ስፋቱ የሚለካው ከመታተሙ በፊት ከተዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ሆነ። ሁለት ቴስት ተጨመረ፤ አንዱ ቅንብሩ በርቶ፣ አንዱ ጠፍቶ። ሁለቱም የላቲን ያልሆነ ስም አላቸው። ኮዱን አውጥቼ ሁሉንም አስኬድኳቸው። ሁሉም ወደቁ። መለስኩት፤ ሁሉም አለፉ።

ስምን ከኮሚቱ ግርጌ ስለማስፈር አንድ ነገር ልበል፤ አዲስ ሰው ይምታታበታል። ሳይንድ-ኦፍ-ባይ የጸሐፊው ነው፤ ኮዱን ለፕሮጀክቱ የመስጠት መብት እንዳለው ያረጋግጣል። ቴስትድ-ባይ ፓቹን አስገብቶ የተባለውን ውጤት ላገኘ ሰው ነው። ሪቪውድ-ባይ ግን ከበድ ይላል። ፓቹን በዝርዝር መርምሬ ይግባ ብዬ ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ ማለት ነው። በጨረፍታ አይቶ የሚሰጥ አይደለም። ሪቪውድ-ባይ ካገኘም በኋላ ፓች ወዲያው ዋናው ብራንች (የኮዱ ዋና መስመር) ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ ሲን በሚባለው ብራንች ላይ ይታያል፣ ከዚያ ኔክስት ላይ ይቆያል፣ በመጨረሻ ማስተር ይደርሳል። በየመሐሉ ሌላ ሰው ችግር ሊያገኝ ይችላል።

እኔም ሪቪውድ-ባይ ሰጠሁ። ከሥሩ ያደረግኩትን ጻፍኩ። ሊኑክስ ላይ ኮምፓይል አድርጌያለሁ። በኳትፓዝ በሁለቱም ቅንብር ሞክሬያለሁ። የግዕዝ ስም ያላቸውንና ክፍት ቦታ ያለባቸውን ፋይሎች አስኬጃለሁ። ሳኒታይዘሩ አልጮኸም። ዊንዶውስ ላይ አልሞከርኩም። ስሙ ውስጥ አዲስ መስመር ያለበት ፋይልም አልሞከርኩም። በማግስቱ አንድ ሌላ ገምጋሚ ዊንዶውሱን ወስዶ ሞከረው።